አንጀት የሚበላ አለ?

በሆስፒታሉ ውስጥ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ቢኖር የደመወዝ ክፍሉ ሰውዬ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ማበጠሪያ» ይላታል፤ ሐኪሙም፣ በረኛውም፣ እዚያው የሰነበተ ታማሚም። እሷም አቤት ትላለች። ሥራዋ ቃጠሎ ክፍል ነው። አንሶላ ትቀይራለች፣ ውኃ በማንኪያ ታጠጣለች፣ ፋሻ ሲፈታ የታማሚ እጅ ትይዛለች። ይሄ እጅ መያዙ የማንም ትእዛዝ አይደለም፤ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ቅጽል ስሙ ታዲያ የመጣው ከዚህ ሁሉ አይደለም፤ ከጋወኗ ኪስ ከማትለየው፣ ጥርሶቿ ከወላለቁት ጥቁር ማበጠሪያ ነው። ያቺ ማበጠሪያ ደግሞ የምትወጣው ካሜራ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሆስፒታል የተቃጠለ ይቀበላል እንጂ የተቃጠለ አያድንም። ከባድ ከባዱን የሚያክመው መሀል ከተማ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ እዚያ አልጋ ማግኘት ደግሞ፣ ተዉት፣ ባይወራ ይሻላል። ወረፋ ሲጠብቅ እዚያው ክፍል ውስጥ ዓይኑን የጨፈነውን ቤት ይቁጠረው። ማበጠሪያም ሥራው ላይ ስትቆይ አንድ ነገር ተረዳች። ማታ በቴሌቪዥን የታየ ታማሚ በማግስቱ አልጋ ይገኝለታል። ሕግ ሆኖ አይደለም፣ እንዲህ ይሁን ብሎ የፈረመበትም የለም። ብቻ ስልክ ይደወላል፣ አምቡላንስ ይመጣል፣ ትናንት «ሞልቷል» የተባለው ቦታ ዛሬ ክፍት ይሆናል።

ዜናውን የሚሠራው ጋዜጠኛ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከአሁኑ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንዳትረግሙት። ከዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ እንቅልፍ የራበው ጎልማሳ ነው። የክፍሉን በር ገፋ ያደርግና አንገቱን አስገብቶ ሁልጊዜ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቃል።

«እትዬ፣ ዛሬስ አንጀት የሚበላ አለ?»

ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሳሙና አለ ወይ እንደሚል ሰው ነው የሚጠይቀው። እሷም አትደነግጥም፤ መልሱን ታውቀዋለቻ። ሕፃን አንጀት ይበላል። ልጇን ላወጣ ብላ እሳት ውስጥ የገባች እናትማ አይነሳ። ተማሪ ጥሩ ነው፣ ሙሽራም እንደዚያው። ሰካራም ግን አይሆንም። እስር ቤት ደርሶ የተመለሰም አይሆንም። ሽማግሌ እንደ ዕድሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ይሄ እንኳ ኖሯል» ተብሎ ይታለፋል። የሚሆነውን ለይታ ታሳየውና ማበጠሪያዋን ታወጣለች፤ ከግንባር ላይ የተረፈችውን ፀጉር ታስተኛለች፣ ንጹሕ አንሶላ እስከ አንገት ትስባለች፣ አፍ ትጠርጋለች። ካሜራው የሚወደው ሥቃይ ታጥቦ የተበጠረ ሥቃይ ነው።

አንድ ጊዜ ከአንድ ሕንፃ፣ ከአንድ እሳት የወጡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። አንዷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ አንዱ ከሥሯ ቤት የሚኖር ጫማ ሰፊ። ጫማ ሰፊው ይጠጣ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ፋሻ ውስጥም ሽታው አልለቀቀውም። ካሜራው ልጅቷ አልጋ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ሲጨርስ፣ ዞሮ ወደ በሩ ሄደ።

«ወንድም፣ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ እሳት ነው እንዴ?» አለ ጫማ ሰፊው።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጋዜጠኛው ሳቀ፣ ማበጠሪያም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ልጅቷ ትልቁ ሆስፒታል ገብታ ዳነች፣ እሰየው። ጫማ ሰፊው ያን ሳምንት አልጨረሰውም። ጫማው አልጋው ሥር ስንት ጊዜ ተቀመጠ፤ የሚወስደው ጠፋ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ መጠጥ ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋም መልኳም የሚያሳዝን። ማበጠሪያ ይቺ ትሆናለች ብላ አበጠረቻት። ጋዜጠኛው የት እንደምትሠራ ሲሰማ ማስታወሻውን አጠፈ።

«እኔ ብሆን አወጣት ነበር፣ እትዬ። ተመልካቹ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ‹በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ ነበር?› አለቃዬም ያንኑ ይጠይቀኛል።»

ማበጠሪያ አንሶላውን መልሳ አለበሰቻት። ያቺ ነገር ግን ልቧ ውስጥ ገብታ ቀረች፤ ምክንያቱም ለሆስፒታሉ ሰው ያልነገረችው ነገር ነበራት። ታናሽ እህቷ መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ነበረች።

እህቷን ሰፈሩ ሁሉ «ሳቂታ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት ሳቂታ ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም፤ ያሳደገቻት ማበጠሪያ ናት። ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ስታበጥራት ልጅቱ ትንፈራገጣለች፣ «እቴቴ፣ ጭንቅላቴን ለነገም አስተርፊልኝ» እያለች ትስቃለች። ስትቀጣ ትስቃለች፣ ስትወድቅ ትስቃለች። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርቱን ጣለችው፣ ኖር ኖር አለችና መጠጥ ቤት ተቀጠረች። የዚያን ቀን ተጣሉ።

«የሰው ቁስል እያጠብኩ ያሳደግኩሽ ለዚህ ነው?» አለች ማበጠሪያ።

«አንቺ ቁስል ታጥቢያለሽ፣ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። ምን ለየን?»

ከዚያ ወዲህ መጠያየቁ ቀዘቀዘ። ስልክ አለ፣ ድምፅ አለ፤ መገናኘቱ ግን እየራቀ ሄደ። ሰው ሲጠይቃት ማበጠሪያ «እህቴ ሱቅ ነው የምትሠራው» ትላለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይሄኛው ግን እያደር ነው የከበደው።

ታዲያ አንድ አመሻሽ ላይ በሩ ተበርግዶ አንዲት ረጅም ሴት ገባች፤ በኮት የተጠቀለለ ሰው ታቅፋለች። የረጅሟ እጆች ራሳቸው ቆዳቸው ተልጧል፤ ይዛ መቆሟም የሚገርም ነው። ማበጠሪያ ሮጣ ኮቱን ገለጥ አደረገች። ፊቱን አይታ አላወቀችውም። ያወቀችው ድምፁን ነው።

«እቴቴ፣ ያለ ቀጠሮ መጣሁብሽ» አለች ሳቂታ፤ ልትስቅም ሞከረች።

አንድ ደንበኛ ካልወሰድኩሽ ብሏት ነው፤ አይሆንም አለችው። አይሆንም ስትል ስቃ ነበር፤ እሷ ምንን ሳትስቅ ትላለች። ሰውዬው የተሳቀበት መሰለው። ወጣ፣ በጠርሙስ ጋዝ ይዞ ተመለሰ። ሌላው ሁሉ ወደ በሩ ሲሮጥ፣ አብራት የምትሠራው ይቺ ረጅሟ ኮቷን አውልቃ ላይዋ ላይ ወደቀችባት፤ ኮቱ ያልደረሰበትን በእጇ አጠፋችው። ይህን ሁሉ ስትናገር አንዴ እንኳ እጄን አላለችም። የክፍሉ ሲስተር ናት ግድ ብላ አስቀምጣ ያሰረችላት፤ እስከ ክርን ድረስ በነጭ ፋሻ።

ሐኪሙ ማበጠሪያን ወደ ኮሪደሩ ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ትልቁ ሆስፒታል ቶሎ ከገባች ተስፋ አላት፣ እዚህ ከቆየች ግን የላትም አላት። እንዲህ ያለውን ነገር ለስንት ሰው ሲነገር ሰምታለች፤ ጆሮዋ የለመደው ይመስላት ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ገፋ ተደረገ።

«እትዬ፣ ዛሬስ አንጀት የሚበላ አለ?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ማበጠሪያ አላሰበችበትም፤ አፏ ቀደማት።

«አለ። እህቴ ናት። የማታ ተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካላገባሁሽ ብሎ ሲከተላት የኖረ ሰው መንገድ ላይ ጠብቆ አቃጠላት።»

«ማን አጠፋላት?»

«መንገደኛ» አለች ማበጠሪያ። «መንገደኞች ደረሱላት።»

ማበጠሪያዋን አወጣች። ከግራ ጆሮዋ በላይ የቀረችውን ፀጉር ለእህቷ አበጠረችላት። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ደርሳ የስምንተኛ ክፍል ፎቶዋን ይዛ መጣች፤ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሳቋን በግድ ውጣ የተነሳችው ነው። ጋዜጠኛው ፎቶውን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አስመስሎ አልነበረም።

ዜናው የወጣ ዕለት በኮሪደሩ ቴሌቪዥን ሥር ቆሞ ያላለቀሰ የለም። ያ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ፣ አንባቢዋ ድምፅዋን ሰበር አድርጋ «ነገ የተሻለ ቀን ይመጣል ብላ ደብተሯን አቅፋ ስትጓዝ» ስትል፣ በረኛው ባርኔጣውን አወለቀ። በማግስቱ አምቡላንስ መጣ። ሳቂታ ትልቁ ሆስፒታል ገባች፤ መስኮት ያለው፣ አልጋው ንጹሕ፣ ለብቻዋ ክፍል። አበባ መጣ፣ ብርድ ልብስ መጣ፣ የማያውቋት ሴቶች በር ላይ ቆመው አለቀሱላት። ማበጠሪያ ፈቃድ ወስዳ አብራት ተቀመጠች። ተሳካልኝ አለች በሆዷ።

ክፍሉም ውስጥ ቴሌቪዥን ነበር። ዜናው ሲደገም ሳቂታ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

«ማን ናት?» አለች ሲያልቅ።

«አንቺ ነሻ። ለጊዜው ነው። አልጋ እንድታገኚ ብዬ ነው።»

«ለእሷስ አገኘሽላት» አለች ሳቂታ። «እኔ የት ልተኛ?»

ማበጠሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ከዚያ የእህቷን ዓይን ስታይ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«መንገደኛ ነው ያጠፋላት አለች ሴትዮዋ» አለች ሳቂታ ቀጥላ። «ረጅሟ መንገደኛ ሆነች?»

«አፈር ስሆን፣ ዝም በይና ዳኚልኝ። ስትድኚ ሁሉን እናስተካክላለን።»

ማስተካከል ደግሞ እንደ አንሶላ አይደለም፤ አንዱን ጫፍ ስትስቡት ሌላው ይገለጣል። በሁለተኛው ቀን ረጅሟ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ መጣች። እንደ አቅሟ አጊጣ ነው የመጣችው፤ የምትለብሰው ደግሞ የሥራ ልብስ ነው፣ የሚያብረቀርቅ። ማበጠሪያ ከደረጃው ላይ አየቻቸው። ጋዜጠኛው ለተከታዩ ዜና መጥቶ ፎቅ ላይ ነበር። እነዚህን ካየ፣ አለች፣ አልቆልናል። ወርዳ ደረጃው ግርጌ ያዘቻቸው።

«እህቶቼ፣ ለሳቂታ ስትሉ ዛሬ አትግቡ። ዜናው ሌላ ነገር ብሏል። ከሰሙ አልጋውን ይነሷታል።»

አንዷ ልትሳደብ አፏን ከፈተች። ረጅሟ በታሰረ ክንዷ ወደ ኋላ መለሰቻት።

«ገባኝ» አለች። «አይተነው ነበር ዜናውን። ለእሷ የሚበጅ ከሆነ እኛ እንመለሳለን። ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ስለ እኔ ጠየቀች?»

እሺ፣ እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ምን ይከብድ ነበር? ምንም። ሳቂታ ከነቃችበት ሰዓት ጀምሮ «ረጅሟ መጣች?» ማለት አላቋረጠችም። ግን ማበጠሪያ ፈራች። ጠይቃሻለች ብላት ሴትዮዋ ደረጃውን ጥሳ ትወጣለች ብላ ፈራች።

«አልጠየቀችም» አለች። «ራሷን አታውቅም።»

ረጅሟ ራሷን ነቀነቀች። ፀጉሯ ተንጨባሮ ነበር፤ በነዚያ እጆች ማን ያበጥረዋል? ባልደረቦቿ ደግፈው ወሰዷት። በየቀኑ ግን ተመለሰች። አጥሩ ማዶ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ትቀመጣለች፤ ወደ ላይ መስኮቶቹን ታያለች። ማበጠሪያ መጋረጃውን ዘጋችው።

«ረጅሟ መጣች?» ትላለች ሳቂታ።

«አልመጣችም።»

«እጇ አሟት ይሆናል።» በማግስቱም እንዲሁ። «ሥራ ከልክለዋት ነው። አለቃችን ክፉ ነው፣ ታውቂው የለ።» ሳቂታ ለረጅሟ ምክንያት ስትፈልግ ዋለች፤ ማበጠሪያ አጠገቧ ተቀምጣ ሰማች።

አልጋው ዘግይቶ ነበር የተገኘው። ንጽሕናውም መስኮቱም አላዳናትም። ትኩሳቱ ገባና አልወጣ አለ። በመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ሳቂታ ድምፅዋ ወደ ትንፋሽ ወርዶ ነበር።

«እቴቴ። ረጅሟ ስትመጣ፣ ሳቂታ አልተቀየመችሽም በያት።»

ማበጠሪያ ተነሳች። መጋረጃውን ገልጣ በመስኮቱ ልትጣራ አሰበች፣ ከዚያ ሮጬ ላምጣት ብላ ወጣች። ደረጃውን ወርዳ በሩን አልፋ መንገዱ ጠርዝ ስትደርስ፣ አንዲት ሲስተር ከላይ በመስኮት ጠራቻት። አጠራሯን ታውቀዋለች፤ እሷም ለስንት ሰው እንደዚያ ተጣርታለች። ረጅሟ ከማዶ ብድግ ብላ ታያታለች። ማበጠሪያ መንገዱን አልተሻገረችም። ተመለሰች።

ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ብዛት የሚያስገርም ነበር። የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ተሰልፈው መጡ፤ አንዳቸውም አያውቋትም። የአበባ ጉንጉኑ ላይ «ለእውቀት የተሰዋች» የሚል ተጽፎበታል። የዚያ ሁሉ ሕዝብ እንባ እውነተኛ እንባ ነው፤ ማበጠሪያ ግን የሰው ለቅሶ ላይ ተሳስታ የገባች መሰላት። ቀና ስትል ከመቃብሩ አጥር ውጭ፣ መንገድ ማዶ፣ የመጠጥ ቤቱ ሴቶች ቆመዋል። ዛሬ የሚያብረቀርቅ አልለበሱም። ማንም አትምጡ ያላቸው አልነበረም፤ እሷ አንዴ ብላቸው የለም? ረጅሟ ነጫጭ እጆቿን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ወደ ውስጥ አንገቷን ታሰግጋለች።

ጋዜጠኛው በለሆሳስ ቀረበ። «እትዬ፣ ነፍስ ይማር። አንድ ቃል ብትዪልን።»

ማበጠሪያ ማይክሮፎኑን አየችው።

«እህቴ ተማሪ አልነበረችም» አለች። «መጠጥ ቤት አስተናጋጅ ነበረች። ያቃጠላት ደንበኛ ነው። እሳቱን ያጠፋችላት መንገደኛ አይደለም፤ ያቻት፣ አጥር ማዶ የቆመችው። እጇን እዩት። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ጉምጉምታ ተነሳ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ እንዴት እንደሚፋጅ ያን ቀን አወቀችው። አንዲት ወይዘሮ የያዘችውን የአበባ ጉንጉን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችው፣ መሀረቧን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ» አለ አንዱ። መምህሩ ተማሪዎቹን ሰብስቦ መለሳቸው። የሞተችው ያችው ናት፣ የተቃጠለው ያው ገላ ነው። ምኑ ተለወጠ ታዲያ? እስከ ዛሬ መልሱን የነገረኝ የለም።

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ይሄን ባናወጣው ይሻላል። ለእሷ ክብር ስንል።»

«ለማን ክብር?» አለችው።

ማበጠሪያ በሩን ወጥታ መንገዱን ተሻገረች። ምንም አላለቻቸውም፤ ረጅሟን በክንዷ ይዛ መራቻት፣ ሌሎቹም ተከተሏት። አፈሩ ሲመለስ እነሱና ቀባሪዎቹ ነበሩ። እነዚህ ሲያለቅሱ ግን በስሟ እየጠሩ ነው ያለቀሱት፤ አንዷ መሀል ላይ ሳቂታ ጠርሙስ የሰበረችበትን ቀን አነሳችና ሁሉም ከእንባቸው ጋር ሳቁ።

ማምሻውን ማበጠሪያ ቤት ተሰበሰቡ። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋው ላይም ወለሉ ላይም ተቀመጡ። ዜናው ሰዓት ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ከፈቱት። ያው ፎቶ መጣ፣ የደንብ ልብሱ፣ ለሁለት የተከፈለው ፀጉር። «ተማሪዋ ዛሬ በእንባ ተሸኘች» አለች አንባቢዋ። ከዚያ ማበጠሪያ ራሷ ታየች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷ አጥር ማዶ ይጠቁማል፤ ድምፁ ግን የአንባቢዋ ነው። «ታላቅ እህቷ ሐዘኗን እንዲህ ስትገልጽ» አለችና ወደ ሌላ ዜና አለፈች። ማበጠሪያ ተነስታ አጠፋችው።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ረጅሟ ቀረች፤ እጇ እስኪድን ሥራ የላትም።

«የላከችልሽ ነገር አለ» አለች ማበጠሪያ። «‹ረጅሟን ሳቂታ አልተቀየመችሽም በያት› ብላለች።»

ረጅሟ ግራ ገባት። «ምን አድርጌያት ነው የምትቀየመኝ?»

«አልመጣሽም ብላ።»

«በየቀኑ መጥቼ የለ?»

«በየቀኑ ትጠይቀኝ ነበር። አልመጣችም አልኳት።» ማበጠሪያ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። «እኔ ነኝ።»

የረጅሟ እንባ ወረደ፤ በፋሻው ልትጠርገው ሞከረችና ጨርቁ ጉንጯን ቧጠጣት። ማበጠሪያ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችላት።

«ይሄን እንኳ ይቅር ማለት የምችል አይመስለኝም» አለች ረጅሟ።

«አውቃለሁ።»

ግን ተነስታ አልሄደችም። ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ተቀምጣ ቀረች። ፀጉሯ ሳቂታ ከተቃጠለችበት ቀን ጀምሮ አልተበጠረም፤ ጫፍ ጫፉ የእሳቱ ሽታ ነበረበት። ማበጠሪያ ከኋላዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ጥርሶቿ የወላለቁትን ማበጠሪያ ከኪሷ አወጣች፣ ቋጠሮውን ከጫፉ ጀምራ፣ እንዳያማት ቀስ እያለች ትፈታው ጀመር። ረጅሟ ዝም አለቻት።